ሁለት መቶ አሥራ አራት ትንፋሽ

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮሲያስ፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤንነቴን ለጠየቅከው፣ ጉልበቴ ያው ነው፣ ስኳሬም ያው ነው፣ እንቅልፍ ግን ከነሐሴ ወዲህ ከእኔ ጋር ተጣልቷል። ለምን አይደውሉም ላልከው ደግሞ፣ ሞክረነው የለም እንዴ? አንተ አንዱን ቁልፍ ስትለኝ እኔ ሌላውን እጫናለሁ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ከዚያ አንተ "ሃሎ ጋሼ"፣ እኔ "ሃሎ ኢዮስ" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። በወረቀት ጻፍልኝ። ወረቀቱን ከኪቦርዱ አጠገብ አድርጌ በጣቴ እየተከተልኩ እሠራለሁ። ጀቤሳ የሚዛንን አውቶቡስ እስከነዳ ድረስ ፖስታ ቤት አያስፈልገንም።

ሳትሰናበተኝ መሄድህን አላነሳም ብዬ ነበር። አነሳሁት፣ በቃ። ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ክፍል ውስጥ አብረን መዝሙር ስንቀዳ ኖረን፣ የብርቅነሽ ድንኳን ከፈረሰ ወር ሳይሞላ ሻንጣህን ይዘህ ሚዛን ገባህ። ልጅ ያልነበራት ሴት "የኢዮስ ምሳ" እያለች ስታስቀምጥልህ ነበር የኖረችው። እኔንስ ተወኝ፣ ለእሷ ስትል እንኳ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ልታዋራኝ ይገባ ነበር።

አሁን ስቱዲዮው ውስጥ እኔና ኮምፒውተሩ ቀርተናል፤ ሁለታችንም አንተማመንም። ማውሱን ይዤ አንዱን ሜኑ ስከፍት ሌላ ሜኑ ይወጣል፣ ከእሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ። የቢሮ ጉዳይ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ፤ "እዚያኛው ክፍል ጠይቅ" ብቻ። አንተ ማውስ ስትነካ አይቼህ አላውቅም። ጣቶችህ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላሉ፣ ሥራው ያልቃል። እነዚያን ቁልፎች ነው አንድ በአንድ እንድትጽፍልኝ የምፈልገው።

ለምን እንደሆነም ልንገርህ። የብርቅነሽን ስድስት መዝሙሮች በየቀኑ አዳምጣለሁ። ያምራሉ፤ ጥርት፣ ጥንቅቅ ያሉ ናቸው። ግን አንድም ቦታ ላይ አትተነፍስም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጎኔ ተኝታ ትንፋሿን የማውቀው ሴት፣ እዚያ ላይ አየር ሳታስገባ ትዘምራለች። ትንፋሹን ያነሳኸው አንተ ነህ፤ "አንሳው" ያልኩህ ደግሞ እኔ። አሁን እንዲመለስ እፈልጋለሁ። አንተ ካልመጣህ እኔው እመልሰዋለሁ፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።

ቀዩ ጨርቅ ከበሩ ላይ ከወረደ ሦስት ወር ሆነው። ስንቀዳ በሩ ላይ ስንሰቅለው ቡሽራ ከሱቁ ሬዲዮውን ያጠፋልን የነበረው፣ ጎረቤታችን ማሚቴም ዘነዘናዋን የምታስቀምጠው ትዝ ይለኛል። አሁን ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። "ጨርቁን ይስቀሉትና ላጥፋው" ይለኛል ቡሽራ ባለፍኩ ቁጥር። ሰላም ብሎሃል።

አድነው


ሚዛን
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ አድነው፣

የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛልዎት። ደብዳቤዎን ጀቤሳ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። እዚህ እንጀራው ተገኝቷል፤ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ ስልሳ፣ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች አሥራ አንድ ናቸው። ዝናቡ ደግሞ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፄ አይሰማም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በምልክት ነው የማስተምረው።

ሳልሰናበትዎት በመሄዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋሉ። "ሥራ ቶሎ ጀምር ስላሉኝ ነው" ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፣ ምክንያቱም እውነት አይደለም። ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ቁልፎቹን እነሆ። መጀመሪያ ቀኝ እጅዎ ማውሱን ይተወው። የግራ እጅዎ ትንሿ ጣት ታች ጥግ ላይ ባለችው ኮንትሮል ላይ ትረፍ። ጊታር ላይ ኮርድ እንደሚይዙ ያስቡ፤ አንዷ ጣት ይዛ ትቆያለች፣ ሌላዋ ትመታለች። ረጅሟ ቁልፍ ማጫወቻም ማቆሚያም ናት። ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ከመቱ የመጨረሻው ስህተትዎ ይመለሳል፤ ደግመው ከመቱ ከዚያ በፊት የነበረው። ኮንትሮልና ኤስ ሥራውን ያስቀምጣል። እሷን በየደቂቃው ይምቷት፣ የሰፈራችንን መብራት ያውቁታል። ኤም አንዱን ትራክ፣ ማለትም ለብቻው የተቀዳውን አንዱን ድምፅ፣ ዝም ታሰኛለች፤ ኤስ ብቻዋን ስትመታ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝታ አንዱን ብቻ ታሰማዎታለች። ለጊዜው ይበቃል፤ ሲለምዱ ሌላ እጨምራለሁ።

ከላይ በኩል ኤፍ ዘጠኝ የምትባል ቁልፍ አለች። እሷን አደራዎን እንዳይነኩ። እኔ ለራሴ ሥራ ያዘጋጀኋት ናት።

ስለ ትንፋሹ የጠየቁኝ፣ ማለቴ፣ ፋይሉ ትንሽ ውስብስብ ነው። መጀመሪያ እጅዎ ይልመድ።

ለቡሽራ ሰላምታዬ ይድረስ።

ልጅዎ ኢዮሲያስ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢዮሲያስ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስልሳ ተማሪ በምልክት የሚያስተምር ሰው እግዚአብሔር ይርዳው።

ቁልፎችህን ለመድኩ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ረጅሟ ቁልፍ ገብታኛለች። ኮንትሮልና ኤስም ገብታኛለች፤ እንዲያውም አሁን ሳልሠራ ሁሉ እመታታለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ትንሿ ጣቴ ኮንትሮል ላይ ናት ብዬ ስመታ ለካ ሌላ ቁልፍ ላይ ኖራለች፣ ትራኮቹ በሙሉ ከስክሪኑ ላይ ጠፉ። ነጭ ሜዳ። የብርቅነሽን ድምፅ አጠፋሁ አልኩ። ሮጬ ቡሽራ ጋ ሄድኩና ነገርኩት፤ "አጥፍተው ያብሩት፣ የእኔ ፍሪጅ በእሱ ነው የሚድነው" አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍህን ትቼ ወደ ሜኑ ተመልሻለሁ። ሜኑ ቢያንስ የሚያደርገውን ነገር ስም ጽፎ ያሳየኛል። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን መስመር አነባለሁ፤ በቀን አንድ ሜኑ። ሳቅብኝ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንተ ግን ያልጠየቅኩህን ሁሉ መልሰህ የጠየቅኩህን ዘለልከው። አርባ ዓመት ከዘማሪ ጋር ሠርቻለሁ፤ ስንኝ የዘለለ ሰው አይጠፋኝም።

ሌላ ነገር ላንሳልህ። ትናንት ከታች ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝና ቡሽራ ሱቅ በር ላይ ያለችው የስኳር ጆንያ ላይ ልቀመጥ አልኩ። "ይቀመጡ፣ የእትዬ ብርቅነሽ ቦታ ነው" አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብለው፣ ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ዳገቱን ስትወጣ እዚያች ጆንያ ላይ ሳታርፍ አልፋ እንደማታውቅ ነገረኝ። ውኃ ይሰጣት ነበር። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ትቀመጥ ነበር አለ። "ለአድነው እንዳትነግረው፣ ቅጂው ይለቅና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ" ብላ አስምላው ኖራለች። ቡሽራ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። ማሚቴም ታውቅ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሲያውቅ እኔ ባሏ አላወቅኩም።

ቅጂው ግንቦት ነበር። ስለዚህ አሁን በትክክል መልስልኝ። ስትቀዳት ትንፋሿ እንዴት ነበር? ስንት ጊዜ ቆረጥክ? የት አለ?

አድነው


ሚዛን
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፣ ካስረዘምኩት ዋናውን ነገር ሳልጽፍ ወረቀቱ ያልቅብኛል።

ሁለት መቶ አሥራ አራት። የቆጠረልኝ ፕሮግራሙ ነው፤ የተመረጡትን ቁርጥራጮች ቁጥር ታች ጥግ ላይ ያሳያል።

አንድ ትንፋሽ በሜኑ ለማንሳት አራት ጊዜ ማውስ መጫን ያስፈልጋል። ይመረጣል፣ ይቆረጣል፣ ይጠፋል፣ ጫፉ ይለሰልሳል። ረጅም ሥራ ነው፤ ግን በየመሐሉ ሰው ያን ትንፋሽ ይሰማዋል። እኔ አራቱንም ደረቴን ነፍቼ ኤፍ ዘጠኝ ላይ አሰርኳቸው። ቁልፏን አንዴ ስመታ አንድ ትንፋሽ ይጠፋል፤ ከዚያ ራሷ ወደሚቀጥለው ትወስደኛለች። ስድስቱን መዝሙር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ሌላ ዘማሪ በስድስት መዝሙር ሰማንያ፣ ቢበዛ መቶ ጊዜ ትንፋሹ ጎልቶ ይሰማል። ቁጥሩን አይቼ "እትዬ ብርቅነሽ ዛሬስ አስቸገሩን" ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ትዝ ይለኛል፣ ብቻዬን ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ዲስኩ ሞላ። ሜኑው ውስጥ ያልተፈለጉ ድምፆችን የሚያጸዳ ትእዛዝ አለ፤ እሱንም በቁልፍ ነበር የምሠራው። ማሽኑ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። እጄ ጥያቄውን ስለለመደው ሳላነብ ኤንተርን መታሁ። ያ ከተመታ በኋላ ኮንትሮልና ዜድ አይሠራም። የተቆረጠው ትንፋሽ ሁሉ የዚያን ቀን ሄደ። የለም፣ ጋሼ። እጅዎ እስኪለምድ ይጠብቁ ያልኩዎት ይህን መናገር ፈርቼ ነው።

የሄድኩበትን ምክንያት ደግሞ አሁን ልንገርዎት። በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዎ ተቀምጬ ነበር። የእትዬ እህት እትዬ አስቻለች ሐኪሙ ያለውን ለሴቶቹ ሲናገሩ ሰማሁ። የእትዬ ብርቅነሽ ልብ ከደከመ ወራት እንደሆነው፣ ምልክቱ የትንፋሽ ማጠር እንደነበር፣ ቀድሞ ቢታይ መድኃኒት እንዳለው። ሴቶቹ "አይ፣ ማን ሰምቶላት" አሉ። እኔ ሰምቼዋለሁ። በጆሮ ማዳመጫ፣ ከማንም በላይ ቀርቤ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ግን የሚጠፋ ነገር ነው ብዬ አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ያቺን ክፍል መግባት አልቻልኩም። እርስዎን ፊት ለፊት ማየትም አልቻልኩም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ኢዮሲያስ


ጉለሌ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢዮሲያስ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የምጽፈው የለኝም። ይህንንም የጻፍኩት ጀቤሳ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብዬ ነው።

አድነው


ሚዛን
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አድነው፣

መልስ አልጠብቅም። ጀቤሳን ስለ እርስዎ ጠይቄው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚመጡ፣ ጊታር ግን እንደማይዙ፣ ኳየሩ ሲዘምር ከኋላ በር አጠገብ እንደሚቀመጡ ነገረኝ። ምን ላድርስለት ብሎ ሲጠይቀኝ የሚዛን ማር ገዝቼ ሰጠሁት። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው ስኳርዎ ትዝ ያለኝ። እባክዎ ለቡሽራ ይስጡልኝ።

ኢዮሲያስ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮሲያስ፣

ማሩን ቡሽራ ወስዷል። "ስኳር ላለበት ሰው ማር የሚልክ ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?" ብሎ ስቋል። ሁለቱንም ነው አልኩት።

እውነቱን ልጻፍልህ። አንድ ወር ሙሉ ረገምኩህ። ተንበርክኬ ልጸልይ ስል ስምህ ይመጣና ተነስቼ እወጣለሁ። ለቡሽራ "የሚስቴን የመጨረሻ ትንፋሽ እንደ ቆሻሻ የጠረገ" ብዬ ተናገርኩብህ። ቡሽራ "እኔስ ውኃ እየሰጠሁ ዝም ያልኩት?" አለ። በዚያ ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፣ ሰፈሩ በሙሉ አሁን ነው የሚጮኸው።

ወደ ስቱዲዮው የተመለስኩት ለሌላ አይደለም፣ ኮምፒውተሩን ልሸጠው ነበር። ከመሸጤ በፊት ያልጨረስኳቸው ሁለት ሜኑዎች ነበሩ። ግትርነቴን ታውቀዋለህ፤ ጀምሬ የተውኩት መጽሐፍ እንኳ የለም። ከአምስተኛው ሜኑ ግርጌ አንድ መስመር አገኘሁ፣ መዝገበ ቃላቱን አየሁ፦ "የተደበቁ ትራኮችን አሳይ"። ተጫንኩት። ከታች ሁለት ግራጫ መስመሮች ብቅ አሉ። አንዱ ባዶ ነው። በሌላው ላይ በአንተ አጻጻፍ "ጊታር 2" ይላል።

ለካ እዚያው ክፍል ውስጥ እሷ ስትዘምር እኔ አጠገቧ ስጫወት፣ ከጊታሬ ፊት ያቆምከው ማይክ የእሷንም ድምፅ ይሰርቅ ኖሯል። "ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም፣ እትዬ ገብተውበታል" ያልከኝ አሁን ትዝ አለኝ። ያለ ማይክ በገመድ በቀጥታ ወደ ማሽኑ የገባውን ጊታር ወሰድክና ይህንን ደበቅከው። ተደብቆ እንጂ ተጥሎ ስላልነበረ ያ ጽዳትህ አልነካውም።

ኤስ ብቻዋን መታሁ፤ ሌላው ሁሉ ዝም አለ። አየህ፣ አንዷ ሾርትከትህ ጠቀመችኝ። ከዚያ ረጅሟን ቁልፍ መታሁ።

ጊታሬ ቅርብ ነው። እሷ ሩቅ ናት፣ ከሌላ ክፍል የምትዘምር ነው የምትመስለው። ግን ትተነፍሳለች ኢዮስ። እያንዳንዱ ስንኝ መሐል ትተነፍሳለች፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለቴ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር ያለቀስኩት። መዝሙሩ ሲያልቅ ግን አላቆምኩትም፣ ቀረጻው ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደሰማሁት እጽፍልሃለሁ።

እሷ፦ "አድኔ፣ ትንሽ ልቀመጥ።"

እኔ፦ "ቁጭ ብለሽማ ድምፅሽ ይጠባል። አንዴ ብቻ፣ ከዚያ እናርፋለን። ደግሞ ትንፋሽሽ እየገባ ነው፣ ከማይኩ ራቅ በይ።"

አንተ፦ "ግድ የለም ጋሼ፣ በኋላ በአንድ ቁልፍ አጠፋዋለሁ።"

እሷ፦ "እሺ።"

ከዚያ እኔ እግሬን መሬት ላይ መትቼ እቆጥራለሁ፣ ጊታሩ ይጀምራል፣ እሷም ትዘምራለች።

ዘማሪ ቆሞ ነው የሚዘምረው የሚለው ሕግ የእኔ ነው። የዘማሪውን ወንበር ከዚያ ክፍል ያስወጣሁትም እኔ ነኝ፣ አንተ ገና ሳትመጣ። አንተ ትንፋሿን በቁልፍ አጠፋህ፤ እኔ ግን አንደበቷን ሰምቼ፣ በገዛ ስሜ ጠርታኝ፣ "ራቅ በይ" አልኳት። ይህንን ረስቼው ነበር። አንተን ስረግም የኖርኩት የራሴን ቃል ረስቼ ነው። "እሺ" ያለችበትን ቦታ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አልቆጠርኩም። እኔን ደስ እንዲለኝ ስትል ሁልጊዜ የምትለው ያው እሺ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ሆነናል። ይቅር ብዬሃለሁ ብል ትዕቢት ይሆንብኛል፤ እኔም የምጠይቀው አለኝና። ለፋሲካ ና። አብረን እንቀመጥ። እዚህ ብቻዬን ከዚያ ድምፅ ጋር መሆን ከብዶኛል።

ኤፍ ዘጠኝን በቢላ ጫፍ ነቅዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ቦታዋ ላይ ፕላስተር ለጥፌያለሁ።

አድነው


ሚዛን
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ አድነው፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ነው። ቁልፏ ደርሳኛለች። ጀቤሳ "ጥርስ ነው እንዴ የላኩልህ?" ብሎ ነው የሰጠኝ። የማስተምርበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫታለሁ።

"በአንድ ቁልፍ አጠፋዋለሁ" ያልኩትን አስታውሰዋለሁ። እርስዎ ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን ከነሐሴ ጀምሮ አንድም ቀን አልረሳሁትም። እትዬ ልቀመጥ ማለታቸውን ግን አልሰማሁም ነበር። የጆሮ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ የእሳቸውን ማይክ ዝቅ አድርጌ ነበርና የሰማሁት እርስዎ ስለ ትንፋሹ ያሉትን ብቻ ነው። ሰምተህ ቢሆንስ ምን ታደርግ ነበር ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ወንበር አመጣ ነበር ልልዎት ፈልጌ ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም።

ተማሪዎቼን አሁን ሾርትከት አላስተምርም። የመጀመሪያውን ወር በሜኑ ብቻ ነው የምናልፈው፣ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብለው እያነበቡ። ያጉረመርማሉ፤ ከሌላ ክፍል የመጡት ኮንትሮል እየመቱ ያሾፉብናል። እኔም ልክ እርስዎ እንደሚያደርጉት በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ።

ለፋሲካ ና ብለውኛል። ያንን ዳገት መውጣት እፈራለሁ፣ ቡሽራ ሱቅ ጋ ማለፍም እፈራለሁ። ግን እመጣለሁ። የጀቤሳን የሐሙስ መኪና ቲኬት ቆርጫለሁ።

እስከዚያ አንድ ነገር ልለምንዎት። ኮምፒውተሩን አይሽጡት።

ልጅዎ ኢዮሲያስ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮሲያስ፣

ሐሙስ እንደምትመጣ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ማር እንዳትይዝ። ኮምፒውተሩን አልሸጥኩም፤ ለምን እንዳልሸጥኩት ይኸው።

ባለፈው ቅዳሜ ከኳየሩ አንዲት ልጅ ሄራን የምትባል መጣች። አንተ አታውቃትም፣ አዲስ ናት። ለፋሲካ የምትዘምረውን አንድ መዝሙር ይቅዱልኝ ብላ ስትለምን ሰንብታለች። አይሆንም ስላት ቆየሁና በመጨረሻ እሺ አልኩ። ቀዩን ጨርቅ ከመሳቢያ አውጥቼ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ሳላስበው ነው ያደረግኩት። ከአፍታ በኋላ የቡሽራ ሬዲዮ ድምፅ ቆመ። ማሚቴም ዘነዘናዋን አቆመች። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ዝም ብለው አያውቁም፤ በሩ ላይ ቆሜ ጥቂት ጊዜ አዳመጥኩት።

ልጅቷ ማይኩ ፊት ቆመች። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅኩ፣ ቀረጻውን በሜኑ፣ በማውስ፣ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ተነፈሰች። ከፍ ያለ፣ የተቆራረጠ ትንፋሽ ነው። በሁለተኛው ስንኝ ደግማ። ቀረጻውን አቆምኩ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ወረወርኩት፣ እጇን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋት። ቡሽራ ሱቅ ወስጄ የስኳር ጆንያው ላይ አስቀመጥኳት። ቡሽራ ምንም ሳልለው ውኃ ይዞ መጣ። መቼ ጀመረሽ፣ ሌሊት ትተኛለሽ ወይ፣ እግርሽ ያብጣል ወይ እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ እሷ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

"ጋሼ፣" አለችኝ፣ "ታክሲ አጥቼ ዳገቱን ሮጬ እኮ ነው የወጣሁት።"

ቡሽራ ዞር ብሎ ዕቃ የሚያስተካክል መሰለ። እኔ ግን እሷ እየሳቀችብኝም ቢሆን ሰኞ ጤና ጣቢያ ላክኋት። ደህና ናት ብለው መለሱልኝ፤ ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ።

ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። ከመምጣቷ በፊት ከሳሎን የብርቅነሽን ወንበር፣ ጀርባው ላይ ትራስ ያሰረችበትን፣ ተሸክሜ ስቱዲዮ አስገባሁትና ማይኩ ፊት አስቀመጥኩት። ማይኩንም ወደ ታች ዝቅ አደረግኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ለዘማሪ ወንበር ሲገባ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ልጅቷ ቆሜ ይሻለኛል አለች፤ አይሆንም፣ ተቀመጪ አልኳት። ተቀምጣ ዘመረች። ስትተነፍስ ሰማኋት፣ አንድም አልቆረጥኩም።

ተቀምጣ ስትዘምር ድምፅዋ ትንሽ ይጠባል። ይጥበብ።

አድነው